የግማሽ ቀለብ ፍየሎች

አቻምየለሽ ሥራውን ያገኘችው በጎረቤቷ በሐረግ በኩል ነበር። ሁለቱ ሴቶች እስራኤል አገር፣ ጊቫት ሃሞሬ በሚባል ሰፈር፣ አንድ ሕንፃ ውስጥ ይኖራሉ፤ ሐረግ ሦስተኛ ፎቅ፣ አቻምየለሽና ባሏ ካሳው ምድር ቤት። ሐረግ ከአገር ቤት ቀደም ብለው ከመጡት ናት። ልጇ ያርደና በስድስት ዓመቷ መጥታ፣ እዚሁ ተምራ፣ ወታደርነቷን ጨርሳ፣ ያኔ ለሁለተኛ ዲግሪዋ ስለ ፍየል ታጠና ነበር። እነ አቻምየለሽ ግን ጎንደር ከተማ ቤት ተከራይተው ለዓመታት የጉዞ ተራቸውን ሲጠብቁ የኖሩ ናቸው። አቻምየለሽ ፊደል መቁጠር የጀመረችው ከአርባ ዓመቷ በኋላ ነውና ዕብራይስጡ አልገባ ብሏት፣ የቋንቋ ትምህርቱን በግድ ነው የጨረሰችው።

ሐረግ አንድ ቀን ደረጃው ላይ አገኘቻትና፣ «ልጄ ያለችበት ጣቢያ ፍየል የሚያበላ ሰው ይፈልጋሉ፤ አንቺ እኮ ከፍየል ጋር ነው ያደግሽው» አለቻት።

«የምን ፍየል ነው? የወተት?»

«እኔ ምን አውቄ! እንቁላላቸውን ነው የምናጠናው ትለኛለች።»

አቻምየለሽ ሳቀች። «ፍየል ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው እንቁላል የምትጥለው?»

የአይሁድ ሰፋሪዎች ከጋዛ በወጡበት ዓመት፣ የአይሁድ አዲስ ዓመት በዓላት እንዳለፉ ሥራ ጀመረች። ጠዋት ከጊቫት ሃሞሬ በአውቶቡስ ወርዳ፣ ማዕከላዊ ጣቢያው ላይ ጠመንጃ ባነገቱ ወታደሮች መካከል ተጋፍታ ሌላ አውቶቡስ ትይዛለች፤ ከከተማው ወጣ ብሎ ሜዳው ላይ ካለው የምርምር ጣቢያ በር ላይ ያወርዳታል። ጣቢያው ሁለት በረት፣ አንድ የድርቆሽ መጋዘንና ነጭ ቀለም የተቀባ ቤተ ሙከራ ነው። የጥናቱ ኃላፊ ዶክተር ኢዲት የሚባሉ፣ ፀጉራቸውን አጭር የተቆረጡ፣ ፈጠን ፈጠን እያሉ የሚናገሩ ሴት ናቸው። እሳቸው የሚሉትን ያርደና ታስተረጉማለች፤ አቻምየለሽ ራሷን ትነቀንቃለች።

የመጀመሪያው ቀን ያርደና በሁለቱ በረቶች መካከል አቁማ አስረዳቻት።

«እትዬ፣ እነዚህ በቀኝ ያሉት ሙሉ ቀለብ ይበላሉ። እነዚህ በግራ ያሉት ግማሽ። ከዚያ ሁሉንም አስተኝተን እንቁላላቸውን በመርፌ ከውስጣቸው እናወጣለን፤ ከወንዱ ዘር ጋር ውጭ ላይ እናገናኘዋለን። የተራበች ፍየል እንቁላል ጽንስ ሆኖ ያድጋል ወይስ መንገድ ላይ ይቆማል? እሱን ነው የምጠይቀው። ናኮን፣ ገባሽ?»

«እና በረሃብ ቢሞቱስ?»

«አይሞቱም፤ ሐኪም ያያቸዋል። ይከሳሉ እንጂ። ግን እትዬ፣ ከተመዘነው ላይ አንድ እፍኝ እንኳ እንዳትጨምሪላቸው። አንዷን ብታበዢላት ሁሉም ነገር ይበላሻል። ቃል ግቢልኝ።»

«ቃሌ ነው፣ ልጄ» አለች አቻምየለሽ።

ቃሏን ስትሰጥ ከልቧ ነበር። ነገር ግን ቀኑ እየገፋ ሲሄድ የግራው በረት ከበዳት። ፍየሎቹ የተሰጣቸውን አፍታ ሳይቆዩ ይጨርሱና ባዶውን ገንዳ ይልሳሉ፤ የአጥሩን እንጨት ይግጣሉ። በቀኝ በኩል ደግሞ ገብሱ ተርፎ ርግቦች ይለቅሙታል። ቁጥራቸው ጆሯቸው ላይ ተሰክቷል፤ እሷ ግን በመልካቸው ነው የምትጠራቸው፦ ቦራዋ፣ ዳለቻዋ፣ ዛጉላዋ። ከሁሉም ዳለቻዋ አንጀቷን በላቻት። የፊት እግሮቿን በሩ ላይ ሰቅላ፣ አቻምየለሽ በወጣች በገባች ቁጥር እየተከተለች ትጮሃለች።

ዓርብ ዓርብ፣ ሰንበት ሳይገባ፣ አቻምየለሽ የስልክ ካርድ ፍቃ ጎንደር ላለችው ታናሽ እህቷ ለምንይሹ ትደውል ነበር። ምንይሹ ከሦስት ልጆቿ ጋር አሁንም ተራ ጠባቂ ናት። «ደህና ነን፤ ምንም አልጎደለብንም» ትላለች ሁልጊዜ። አንድ ዓርብ ግን እንዲህ እያለች ሳለ ከጀርባዋ የትንሿ ልጅ ድምፅ ተሰማ፦ «እማዬ፣ አለቀ እንዴ? ሌላ የለም?» ምንይሹ ስልኩን በእጇ አፈነችው። ትንሽ ቆይታ ስትመለስ ስለ አየሩ ማውራት ጀመረች። አቻምየለሽም ስለ አየሩ መለሰች። ለምን እንዳልጠየቀቻት እሷም አላወቀችም፤ ምናልባት ብትጠይቅ መልሱን መስማት ስለፈራች ይሆናል።

እሑድ ጠዋት ወደ አውቶቡስ ስትወጣ፣ ከቆሻሻ ገንዳው እጀታ ላይ የተንጠለጠሉትን ከረጢቶች አየች። የሰፈሩ ሰው ዳቦ መጣል ኃጢአት ነው ብሎ ስለሚያምን፣ ከሰንበት ማዕድ የተረፈውን ለየብቻ ከረጢት አስሮ ውጭ ያንጠለጥላል። ስታየው የኖረችው ነገር ነው። ያን ቀን ግን እጇን ሰደደችና ሁለቱን ከረጢቶች ፈትታ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች።

በረት ደርሳ ማንም አለመኖሩን ካየች በኋላ፣ ዳቦውን እየቆራረሰች ለግራዎቹ ሰጠቻቸው። ዳለቻዋ ከእጇ ላይ በላች። የሞቀ ትንፋሿ መዳፏ ላይ ሲያርፍ አቻምየለሽ ሆዷ ባባና አለቀሰች። ከተመዘነው ቀለብ ላይ አንድ ፍሬ ገብስ አልነካችም። ቃሌን አላፈረስኩም፣ ዳቦ ነው የሰጠሁት፣ ያውም ሰው የጣለውን፣ አለች ለራሷ። ይህን ስትል ግን ዞር ብላ በሩን ታይ ነበር።

ከዚያ በኋላ አላቆመችም። የሕንፃዎቹን ገንዳዎች ሁሉ አወቀቻቸው፤ የትኛው ቤት ብዙ እንደሚያስተርፍ ሳይቀር ለየች። አንድ ማታ ካሳው ከፋብሪካ ሲመለስ ከረጢቶቹን ከአልጋ ሥር አየ።

«ምንድን ነው ይሄ? ከገንዳ መልቀም ጀመርሽ እንዴ? ሰው ምን ይለናል?»

«ለወፎች ነው» አለችው።

ካሳው ትኩር ብሎ አያት። ከሃያ ዓመት በላይ አብረው ኖረዋል፤ መዋሸቷን ሳያውቅ አልቀረም። ግን ደክሞት ነበርና ጫማውን አውልቆ ተኛ። አቻምየለሽ ለካሳው ዋሽታ አታውቅም ነበር፤ ጀርባዋን ሰጥታው ስትተኛ ፊቷ በእፍረት ይግል ነበር።

ያርደና ፍየሎቹን በየጊዜው ትመዝናለች። ሚዛኑ ላይ ስታወጣቸው አቻምየለሽ ቀንዳቸውን ይዛ ትቆማለች። አንድ ቀን ያርደና ቁጥሩን አይታ ግንባሯን አኮማተረች። ሚዛኑን በጫማዋ መታ መታ አደረገችው።

«የሚከሱትን ያህል አይከሱም» አለች። «ተበላሽቷል መሰለኝ፤ አስጠግነዋለሁ።»

አቻምየለሽ የፍየሏን ቀንድ አጥብቃ ያዘች። ያኔ መናገር ትችል ነበር። ገና እንቁላል አልወጣም፤ ገና ብዙ ነገር አልተበላሸም። ግን ፍየሏን ወደ በረቷ መለሰች፤ ሚዛኑ ተጠገነ ተብሎ ነገሩ በዚያው አለፈ።

የዝናቡ ወራት ሲገባ እንቁላል ማውጣት ተጀመረ። ፍየሎቹ በመድኃኒት ይተኛሉ፤ ዶክተር ኢዲት ሆዳቸው ላይ በትንሽ ቀዳዳ መርፌ አስገብተው እንቁላሎቹን ይስባሉ፤ አቻምየለሽ የተኛችውን ፍየል ጭንቅላት ጭኗ ላይ አድርጋ ትይዛለች። አንድ ከሰዓት ያርደና እጇን ይዛ ቤተ ሙከራው አስገባቻት፤ ማይክሮስኮፑ ፊት አስቀመጠቻት።

«እይ እትዬ። አንድ ዓይንሽን ጨፍኚ።»

አቻምየለሽ መጀመሪያ የራሷን ሽፋሽፍት ብቻ ነበር ያየችው። ከዚያ ድንገት፣ በብርሃን መካከል፣ አንድ ክብ ነገር ታያት፤ ዙሪያውን የተባዘተ ጥጥ የለበሰ ይመስላል።

«ጥሩ እንቁላል እንደዚህ ነው» አለች ያርደና። «ልብሱ ወፍራም፣ ውስጡም ወጥ የሆነ። ራቁቱን የወጣ ወይም ውስጡ የተቆራረሰ ከሆነ አይረባም፤ ዘር ቢገባበትም ቶሎ ይቆማል።»

ከሳምንት በላይ ቆይታ ደግሞ ሌላ አሳየቻት። ያ አንዱ ክብ ሁለት፣ ከዚያ አራት፣ ከዚያ ስምንት ሆኖ፣ አሁን በውስጡ ውኃ የቋጠረ ትንሽ ኳስ መስሏል። «ይቺ የዳለቻዋ ናት» አለች ያርደና፣ አቻምየለሽ ያወጣችላትን ስም እየጠራች። «ስታምር!»

አቻምየለሽ ደስ አላት። በእጄ ያበላኋት ናት፣ ብላ አሰበች። ከዚያ ዳቦው ትዝ አላት። ያርደና ከጎኗ ቆማ፣ በዚያች ትንሽ ኳስ ፈገግ እያለች ነበር፤ የምታየው ምን እንደሆነ አታውቅም።

ውጤቱ ተጠቃሎ ሲያልቅ ያርደና ወደ በረቱ ሮጣ መጣች። ጭቃው ነጭ ሱሪዋን እያበላሸው ግድ አልሰጣትም።

«እትዬ! እኩል ናቸው! የተራቡትም የጠገቡትም እኩል ናቸው! ማንም ይሄን አልጠበቀም፤ ኢዲት ራሷ ማመን አቅቷታል!»

«እኩል ማለት ምንድን ነው?»

«ግማሽ እየበሉም እንቁላላቸው አልተበላሸም ማለት ነው። ኢዲት በአካባቢው ያሉትን ባለፍየሎች ሁሉ ጠርታለች፤ እኔ ነኝ የማቀርብላቸው። ዘንድሮ ቀለብ ተወዷል፤ ከጥቂ በፊት፣ ፍየሎቹ ከወንዱ ጋር ሳይገናኙ፣ ቢቀንሱም ችግር የለውም ልንላቸው ነው።»

«ስንት ፍየል አላቸው?»

«ሁሉም አንድ ላይ? እንጃ፣ በሺዎች።»

አቻምየለሽ የያዘችውን ባልዲ መሬት አስቀመጠች። በሺዎች። ለጥቂት ፍየሎች አዝና ያደረገችው፣ በሺዎች ለሚቆጠሩ ፍየሎች ረሃብ ሊሆን ነው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ምግብ አልዋጥ አላት። አውቶቡስ ውስጥ ከያርደና ጎን ተቀምጣ «አንድ ነገር ልንገርሽ» ልትል አፏን ትከፍትና ስለ ዝናቡ ትናገራለች። ይባስ ብሎ ሐረግ ደረጃው ላይ አግኝታ እቅፍ አደረገቻት፤ ጉንጮቿን ሳመቻት። «ልጄ በሰው ፊት ቆማ ልትናገር ነው! በአንቺ ነው እኮ የተሳካላት፤ እትዬ አቻምየለሽ ባትኖር ትላለች። ኑሪልኝ!» አቻምየለሽ ቤት ገብታ በሩን ዘጋችና መሬት ላይ ተቀመጠች።

ስብሰባው ሊደረግ አንድ ቀን ሲቀረው፣ ያርደና ቤተ ሙከራው ውስጥ ለብቻዋ ሥዕሎቿን ስታዘጋጅ አቻምየለሽ ገብታ በሩ ላይ ቆመች።

«ያርደና፣ ልጄ። ዳቦ ሰጥቻቸዋለሁ።»

«ለማን?» አለች ያርደና ዓይኗን ከኮምፒውተሩ ሳታነሣ።

«ለግራዎቹ።»

«መቼ?»

«ሁልጊዜ።»

ያርደና ቀስ ብላ ዞረች። «ሎ» አለች፤ በዕብራይስጥ አይደለም ማለቷ ነው። «ሎ፣ ሎ። አልሰጠሽም።»

«ሰጥቻለሁ።»

«ለምን?»

«ይጮሁ ነበር።»

«ፍየል ናቸው፤ ይጮሃሉ!» ያርደና ብድግ አለች። «አንድ ዓመት! አንድ ዓመት ሙሉ ያቀድኩት፣ የሠራሁት! ቃል ገብተሽልኝ! ለኢዲት እኔን እመኑኝ፣ ከእኛ ሰፈር የምታመን ሴት አለች ብዬ ያስገባሁሽ!»

አቻምየለሽ ከበሩ ላይ ጠጋ አለቻት። ብትመታት ደስ ባላት። ያርደና ግን ተመልሳ ተቀመጠች፤ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። ከዚያ እጇን ሳታነሣ፣ በሌላ ድምፅ ተናገረች።

«ሚዛኑ የተበላሸ መስሎኝ ነበር» አለች። ደግሞ ቆየችና፣ «አይ፤ አልመሰለኝም። ሊጠግነው የመጣው ሰውዬ ምንም የለበትም ብሎኛል። የማይከሱት አንድ ነገር ስለበሉ መሆኑን አውቄ ነበር። ግን ብጠይቅሽ ትነግሪኝ ነበር፤ ስለዚህ አልጠየቅኩሽም።»

ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድብ ነበር።

«ስሚ እትዬ» አለች ያርደና በመጨረሻ። «ዛሬ ምንም አልነገርሽኝም። ነገ ይለፍ። በሚቀጥለው ዓመት እኔ ራሴ በደንብ አድርጌ እደግመዋለሁ።»

«ባለፍየሎቹስ? ነገ ሰምተው ቢቀንሱባቸውስ?»

ያርደና ወደ ኮምፒውተሩ ዞረች። «ቤትሽ ሂጂ» አለች ብቻ።

አቻምየለሽ ሄደች። ሸክሜን አራገፍኩ ብላ የለጋ ልጅ ትከሻ ላይ እንደጫነችው የገባት መንገድ ላይ ነው። ልጅቷ እስከ ዛሬ የጠረጠረችውን ብቻ ነበር የደበቀችው፤ ከነገ ጀምሮ ግን አውቃ የምትዋሽ ልትሆን ነው። ይህን ያደረገችው እሷ ናት።

በማግስቱ ማለዳ፣ እንግዶቹ ሳይመጡ ደረሰች። አዳራሹ ውስጥ ወንበሮች ተደርድረዋል፤ ጥግ ላይ ኬክና ጭማቂ ያለበት ጠረጴዛ አለ። ዶክተር ኢዲትና ያርደና መጋረጃ ይዘጉ ነበር። አቻምየለሽ ያርደናን አስተርጉሚልኝ ማለት አልቻለችም። መንገድ ሙሉ ስታጠናው የመጣችውን በራሷ አፍ አወጣችው።

«አኒ ናታቲ ሌሄም» አለች። ዳቦ ሰጠሁ ማለቷ ነው።

ዶክተር ኢዲት ፈገግ አሉ። ዳቦ ይዛ የመጣች መስሏቸው አመሰገኑና በእጃቸው ወደ ኬኩ ጠረጴዛ አመለከቷት።

«አይደለም» አለች አቻምየለሽ፤ ዕብራይስጡ በአፏ ውስጥ እየተሰባበረ። «ለእንግዶች አይደለም። ለፍየሎቹ። ለግራዎቹ። ብዙ ቀን። ብዙ ዳቦ።»

የዶክተር ኢዲት እጅ መጋረጃው ላይ እንደተዘረጋ ቀረ። ከዚያ ከተደረደሩት ወንበሮች አንዱ ላይ ቁጭ አሉና ወደ ያርደና ዞሩ። «አንቺ ይሄን ታውቂ ነበር?»

ያርደና አፏን ከፈተች። አቻምየለሽ አላስጨረሰቻትም።

«አታውቅም» አለች። «ማንም አያውቅም። እኔ ብቻ።»

ያርደና አንገቷን ደፋች። አቻምየለሽ እውነት ልትናገር መጥታ በዚያው አፏ ሌላ ውሸት እንደተናገረች ታውቃለች፤ ግን ሌላ ምን ማድረግ እንዳለባት አላወቀችም።

ባለፍየሎቹ መጡ። ዶክተር ኢዲት ቆመው፣ በጥናቱ ላይ ስሕተት ተገኝቷል፤ ገና የምንነግራችሁ የለም፤ ኬኩን ብሉልን አሏቸው። የማን ስሕተት እንደሆነ አልተናገሩም። አቻምየለሽንም አልጮሁባትም፤ እንግዶቹ ከሄዱ በኋላ እጇን ጨብጠው፣ ከነገ ጀምሮ አትምጪ አሏት። ሳይቆጧት መቅረታቸው ከቁጣ ይልቅ አቃጠላት።

ካሳው ነገሩን ሁሉ ሲሰማ ለወፎቹ የተባለውን አላነሣባትም። ኢንዱስትሪ ቀጠናው ውስጥ እሱ በሚሠራበት ፋብሪካ ዕቃ በካርቶን የማሸግ ሥራ አገኘላት። ሐረግ ግን ደረጃው ላይ ስታገኛት ፊቷን ወደ ግድግዳው ታዞር ጀመር፤ አቻምየለሽም አልፈረደችባትም። ከዚያ ዓመት ጽንሶች በሌሎች ፍየሎች ማሕፀን ያደጉ አራት ግልገሎች መወለዳቸውን ሰማች፤ ጤነኞች ናቸው፣ ግን ለጥናቱ ስለማይቆጠሩ ለአንድ ባለመንጋ ተሸጡ።

ምንይሹን በስልክ ስታገኛት ከእንግዲህ ስለ አየሩ አልጠየቀቻትም። «ዛሬ በልታችኋል?» አለቻት በቀጥታ። ምንይሹ ደህና ነን ብላ ጀመረችና መጨረስ አቅቷት አለቀሰች። አቻምየለሽም አብራት አለቀሰች፤ ግን ከዚያ ወዲህ ከደመወዟ ላይ ሳትልክ የቀረችበት ወር የለም።

በዓላቱ ዳግመኛ ሲያልፉ፣ ጣቢያው ውስጥ ጥናቱ እንደገና መጀመሩን አወቀች። ሌላ ሰው ነው የሚያበላው። ያ ወቅት ካለፈው ሁሉ የከፋባት ነበር። ካርቶን እያሸገች ሳለች የግራው በረት በዓይኗ ይመጣል። እጄን ብሰበስብ ኖሮ ረሃቡ በአንድ ዓመት ያልቅ ነበር፣ ትላለች። አዘንኩላቸው ብዬ ሁለት ጊዜ አስራብኳቸው።

ዝናቡ ሊያባራ ሲል አንድ ምሽት በሩ ተንኳኳ። ያርደና ነበረች። ቁጭ በይ ብትባልም ቆማ ነው የጀመረችው።

«ዘንድሮ አለቀ» አለች። «የተራቡት እኩል አይደሉም። አብዛኛው እንቁላላቸው ራቁቱን ነው የወጣው፤ ጽንሶቹም ስምንት ላይ ሲደርሱ ቆሙ። ለባለፍየሎቹ ከጥቂ በፊት ቀለብ እንዳትቀንሱ፣ እንዲያውም ጨምሩ አልናቸው።»

«ተመስገን» አለች አቻምየለሽ።

«ለኢዲትም ነገርኳት። የሚዛኑን። አንቺ ብቻሽን ስትባረሪ ዝም ማለቴን።»

«ምን አለች?»

«ተቆጣች። ለሳምንት አላናገረችኝም። ግን እኔን አላባረረችኝም፤ አንቺን ነው ያባረረችው።»

«እኔ ነኝ የሰጠኋቸው፣ ልጄ።»

ያርደና ወንበር ስባ ተቀመጠች። አቻምየለሽ ልትጠይቅ የማትፈልገውን ጠየቀች።

«ዳለቻዋስ?»

«ከሳች። አሁን ሙሉ ትበላለች።»

«ትጮህ ነበር?»

«እንጃ» አለች ያርደና መሬት መሬቱን እያየች። «እኔ ጆሮዬ ላይ ሙዚቃ አድርጌ ነበር በረት የምገባው።»

አቻምየለሽ ይቅር ብዬሻለሁ የሚል ቃል ስትጠብቅ ነበር፤ አልመጣም። ልጅቷም ያንኑ ቃል ከእሷ እየጠበቀች እንደሆነ ፊቷ ላይ አየች፤ አቻምየለሽ ግን ምን ብላ እንደምትሰጣት አላወቀችበትም። ካሳው ከፋብሪካ ደክሞት ገባ፤ እንግዳ አይቶ ሰላም አለና እጁን ሊታጠብ ሄደ። አቻምየለሽ ሽሮውን አሙቃ ሦስት ሰው የሚበላበት ሰፊ ትሪ አወጣች። ያርደና አልበላም አላለችም። ሦስቱም አንድ ላይ በሉ፤ ካሳው በፋብሪካው ስለተበላሸው ማሽን ሲያወራ ሁለቱ ሴቶች ያዳምጡት ነበር።